ሕይወት ያለው ሥጋ የለመደች ዝንብ

እሑድ፣ ኅዳር 1። ጠዋት፣ ላቦራቶሪ

ዛሬም ትል። አንዱ ብልቃጥ ከበግ ላት ሥር፣ ሌላው የሸላች መቀስ ስቶ ከቆረጠው ጆሮ። በሙቅ ውሃ መግደል፣ አልኮል ውስጥ መክተት፣ ቁጥር መለጠፍ። በአንድ እጄ ሻይ፣ በሌላው መቆንጠጫ። የከብት ሐኪም ሆኜ ተምሬ ሪያድ ላይ የትል ጸሐፊ ሆንኩ።

አንቺን፣ ደብተሬ፣ የገዛችልኝ ሚስቴ ሀያት ናት፤ «ስለ ትል ለእኔ ምሳ ላይ ከምታወራ ለዚህች አውራ» ብላ። እሺ። ቻይው እንግዲህ።

እነዚህ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆነው የሚያብረቀርቁት ዝንቦች ቤተሰብ ናቸው። አብዛኞቹ ጥንብ በል። ሬሳ ላይ እንቁላል ይጥላሉ፣ ልጆቻቸው ይበላሉ፣ ምድር ይጸዳል። ማንንም አልበደሉም። ሁለተኞቹ አመለኞች ናቸው፤ ጥንብ ካገኙ ጥንብ፣ ካጡ የበግ ቁስል። ሦስተኞቹ ጥንብ ቢቀርብላቸውም አይጥሉበትም። የሚተነፍስ ነገር ብቻ። ቅድመ አያታቸው ግን ሬሳ በል ነበረች። ከዚያ ወደዚህ እንዴት ተደረሰ? ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ የሚያሳክከኝ ጥያቄ ይኼ ነው። ደረጃው ሁሉ ዛሬም በሕይወት አለ፤ ሦስቱም እዚህ ከተማ ይበራሉ።

ጀማል ደወለ። ታናሼ። (ከእንግዲህ ጀ.) ሥራ ቦታ የፌሮ ጫፍ ቅልጥሙን ጨረፈው። ቀላል ነው አለ። ድምፁ ግን ደከመብኝ። ሐኪም ቤት ላድርስህ አልኩት፤ ሳቀብኝ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም። በየመን በኩል በእግሩ የገባ ልጅ ነው፤ አብረውት ከተነሡት መንገድ የቀሩ አሉ። ያን ሁሉ መንገድ ለአንድ ጭረት ብዬ ለተርሂል አልሰጥም ይላል። የሚመልሱትን ሰው የሚያጉሩበትን ቦታ ስም ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ማክሰኞ ልሄድ ነው። ትንሽ ነገር ነው። ትንሽ ነገር ይሆናል።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 3። ማታ

ከሥራ በቀጥታ ወደ ሱወይዲ ሰፈር። የነጀ. ክፍል ከላይኛው ፎቅ። ከሕንጻው ሥር የዑድና የሽቶ መደብር፤ ደረጃው ድረስ ያፍናል። ከኋላ ግቢው ውስጥ የሕንጻው ዘበኛ በጎች ያረባል። ሽቶና በጠጥ በአንድ አፍንጫ።

በሩን የከፈቱልኝ ጋሽ ሙሄ። የኮምቦልቻ ሰው፣ ሽማግሌ፤ የክፍሉ አለቃም ኢማምም ወጥ ሠሪም እሳቸው ናቸው። እሳቸውም ኢቃማ የላቸውም። እዚያ ክፍል ያለው ማንም የለውም።

አላስገቡኝም።

ነገሩ ሽታ ነው። ቁስለኛን ሽታ ከመታው ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ስለዚህ ሽቶ የነካ፣ ሳሙናው ያልጠፋለት፣ ከሴት ጋር ያደረ ሰው አይጠጋውም። በሩን በግማሽ ይዘው፣ መሬት መሬት እያዩ፣ «ዶክተር፣ ወላሂ አትቀየመኝ። አንተ ባለትዳር ሰው ነህ» አሉኝ። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ንዴቴ። ከዚያ እናቴ ትዝ አለችኝ። አባቴ እግሩ የተሰበረ ጊዜ አፍንጫው ውስጥ ጤና አዳም ወትፋ፣ እንግዳ ሁሉ ከደጅ እየጠየቀ ይመለስ ነበር። አባቴም ዳነ። ከእናቴ ጋር ያልተከራከርኩትን ከጋሽ ሙሄ ጋር አልከራከርም ብዬ ተውኩት።

ጀ. ከውስጥ ጮክ ብሎ፣ «ወንድምጋሼ፣ ደህና ነኝ። ሰሞኑን ሥራ እገባለሁ» አለ። አፍንጫው የተወተፈ ሰው ድምፅ ነው። ጤና አዳሙን ከየት እንዳመጡት እንጃ።

ኪኒኑን፣ ፋሻውን፣ ማጠቢያውን ለጋሽ ሙሄ ሰጥቼ፣ አሸፋፈኑን በእጄ አሳይቼ ተመለስኩ። መድኃኒቱ ሽታ አለው ብለው እንዳይጥሉት ፈርቻለሁ። ቁስሉን አላየሁም። በጎቹን ግን አየሁ። አንዱ ራሱን ወደ ግድግዳ አድርጎ፣ ብቻውን፣ መሬት ይደበድባል። ሥራዬ ነው፣ አያለሁ። ግን ደክሞኝ ነበር፤ መኪናዬን አስነሣሁ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 5። ከሰዓት

ጋሽ ሙሄ ደወሉ። ቁስሉ አልደርቅ አለ። ጥፋቱ የሽቶ መደብሩ ነው ብለዋል፤ በመስኮት እየገባ ሌሊት ሌሊት ይመታዋል። ስለዚህ ፍራሹን ጣሪያ ላይ አውጥተውለታል። ጥላ አስረውለታል። ፋሻውንም ቁስሉ ይተንፍስ ብለው ፈተውታል።

ምን አልኩ? ጥሩ አደረጋችሁ አልኩ። ንጹሕ አየር አይጎዳውም አልኩ። ፋሻውን መልሱ አልኩ፤ ግን አንዴ ብቻ፣ ቀለል አድርጌ። ስብሰባ ሊጀመር ነበር።

ሥራ ቀዝቃዛ። ዝናብ ነገር ዘንቧል፣ አየሩ ለዝንብ ተስማምቶታል። አንቺን አወጣሁ።

ያ ጥያቄ። እንዲህ አስቢው። በግ ሞተ። ዝንብ ሁሉ ይሽቀዳደማል፤ ጥንቡ ትንሽ፣ ተሻሚው ብዙ። ዘግይታ የደረሰች እናት ልጆቿ በረሀብ ይሞታሉ። ስለዚህ ቀድማ የምትደርስ እናት ልጆቿ ይተርፋሉ፣ የእነሱም ልጆች ቀዳሚ ይሆናሉ። እሺ። ከሁሉ ቀድማ የምትደርሰው ግን በጉ ከመሞቱ በፊት የደረሰችው ናት። ቁስሉ ላይ ያለውን የሞተ ሥጋ ይዛ ትጀምራለች። ቀስ በቀስ፣ በልጅ ልጅ ልጅ፣ አጠገቡ ያለውን ትኩሱን መቻል። ሙቀቱን መቻል፣ ደሙን መቻል፣ የሚከላከላትን አካል መቻል። አንድ ቀን ጥንብ ማሽተት ትተዋለች።

ሌላም መንገድ አለ፣ በደም በኩል። የወፍ ጎጆ ውስጥ ተደብቀው የጫጩት ደም የሚመጥጡ ትሎች አሉ። አፍሪካ ውስጥ ደግሞ መሬት ላይ የተኛን ሰው ደም መጥጠው ወደ ስንጥቃቸው የሚመለሱ።

አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ቢሆን አጋጣሚ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ግን ደጋግሞ ሆኗል። በተለያየ ዘር፣ በማይገናኙ አህጉሮች፣ አንዱ ከሌላው ሳይማር። ይኼ ነው የሚያስፈራኝ። በሩ ክፍት ከሆነ የሚገባ አይጠፋም ማለት ነው።


እሑድ፣ ኅዳር 8። ምሳ ሰዓት

ጋሽ ሙሄ እንደገና። ድምፃቸው ተለውጧል። ቁስሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። ጀ. ሌሊት ጥርሱን ያፋጫል። ሽታው ደግሞ ለብቻው ነው አሉ፣ ጣፋጭ ነገር፣ እንዲህ ያለ ሽታ አሽትተው አያውቁም።

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? አረጋጋኋቸው። አታውጡት አልኩ። የሞተ ሥጋ ብቻ የሚበላ ትል አለ፣ ቁስል ያጸዳል፣ በትልልቅ ሆስፒታሎች ሆን ብለው ያደርጉታል አልኳቸው። እውነት ነው፣ ያደርጉታል። ግን እነሱ የሚያደርጉት በንጽሕና ያሳደጉትን፣ የሚያውቁትን ዓይነት ነው። ይህንን ለእሳቸው አልነገርኩም። ለራሴም አልነገርኩም።

ሐኪም ቤት የሚለውንም አነሣሁ። ጋሽ ሙሄ፣ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ዶክተር» አሉኝ። አንዱ ሲያዝ ስልኩን ያዩታል፣ ከስልኩ ክፍሉን ያገኙታል። ፍርሃታቸው ይገባኛል። እኔም ብሆን ሕገ ወጥ ሰው በመኪናዬ ጭኜ ብያዝ ኢቃማዬ ይሄዳል። የሀያት ኢቃማ በእኔ ላይ ነው፤ ተከትላኝ ትወጣለች። ይህን ሁለታችንም፣ እሳቸውም እኔም፣ በስልኩ ወዲያና ወዲህ ሆነን እናውቃለን። አላነሣነውም።

አንዱን ትል በሙቅ ውሃ ገድላችሁ አስቀምጡልኝ፣ ነገ ከሥራ ስወጣ እወስዳለሁ አልኩ። ለማረጋገጥ ያህል ብቻ።

ማታ፣ ቤት። ሀያት ለምን እንደማልበላ ጠየቀችኝ። በልቻለሁ አልኳት።


ሰኞ፣ ኅዳር 9። ማታ

ፎቶ ላኩልኝ። ቢሮ ውስጥ ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣ ደግሜ ከፈትኩት።

ጥልቅ ክብ ጉድጓድ። ጠርዙ ቀይ፣ ትኩስ፣ ደም ያዘለ። ጥቁር ነገር የለበትም። ነጭ የሞተ ሥጋ የለም።

የሞተ ሥጋ ከሌለ ታዲያ ምን እየበሉ ነው?

ይቺን ጥያቄ ጻፍኳትና ከሥሯ አሰመርኩባት። ስለ ትል ሳስተምርሽ ከርሜ ራሴ ያልጠየቅኳት ጥያቄ።

ሱወይዲ ሄድኩ። ከደረጃው ላይ አላሳለፉኝም፤ አሁንስ ጭራሽ ብሷል፣ ቁስሉ የባሰው ማክሰኞ ዕለት እኔ በሩ ላይ ስለቆምኩ ነው የሚሉ አሉ። ጋሽ ሙሄ ትሉን በውሃ ጠርሙስ ክዳን ይዘው ወረዱ፣ በላስቲክ ጠቅልለው። ወደ በጎቹ ግቢ ዞር ብዬ አየሁ። ያ ራሱን ወደ ግድግዳ ያዞረው በግ የለም። ዘበኛውን ጠየቅኩት። ኸላስ፣ ሞተ አለኝ።

እንግዲህ እንዲህ ነው የሆነው። ሽታ ሸሽተው ቁስሉን ከፍተው ከበጎቹ በላይ፣ ሰማይ ሥር አስተኙት። እኔም ጥሩ አደረጋችሁ አልኳቸው።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 10። ጠዋት፣ ላቦራቶሪ

ማንም ሳይመጣ ገባሁ። አጉሊ መነጽር ሥር አደረግኩት።

ሰውነቷን ዙሪያውን የከበበ ወፍራም ጥቁር እሾህ፣ እንደ ብሎን ጥርስ። ከፊት መተንፈሻዋ ላይ ያሉት ጣት መሰል ቅርንጫፎች ጥቂት ናቸው። ደግሜ አየሁ። ብርሃኑን ቀየርኩ። መነጽሩን ቀየርኩ። ሰው ሥራውን ጠልቶ ያውቃል? እኔ ዛሬ ማወቄን ጠላሁ።

ሦስተኛዋ ናት። ጥንብ የማትነካዋ።

እንዲህ ታደርጋለች፣ ስሚኝ፣ ለሌላ ለማንም ልነግረው አልችልም። እናቲቱ የቁስሉ ጠርዝ ላይ እንቁላሏን ደርድራ ትሄዳለች። ልጆቹ ሲፈለፈሉ ራሳቸውን ወደ ታች ተክለው፣ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይቆፍራሉ፤ ጭራቸው ብቻ ከላይ ይተነፍሳል። ሲነኳቸው ወደ ውስጥ ይሸሻሉ። ቁስሉ ሲሰፋ የሚወጣው ሽታ ሌሎች እናቶችን ይጠራል። ጋሽ ሙሄ ሽታ ነው ሲሉ ልክ ነበሩ፤ የተሳሳቱት ሽታው ከየት ወዴት እንደሚሄድ ላይ ነው። እሱን የመታው ከመደብሩ የመጣ ሽታ አይደለም። ከእሱ የወጣ ሽታ ነው የጠራቸው።

ዝም ከተባሉ ጠግበው መሬት ይወርዳሉ። እስከዚያ ግን ቅልጥም ላይ ሥጋው ስስ ነው። ከሥሩ አጥንት አለ። ከዚያ በኋላ ያለው መርዝ ወደ ደም ይገባል። በግ በዚህ ይሞታል። ሰው በግ አይደለም እያልኩ ስመላለስ አረፈድኩ።

ለጀ. ደወልኩለት። ሁሉንም ነገርኩት፣ ሳልደብቅ። ከዚያ፣ «አንተ አውጣቸው። ሐኪም አይደለህ?» አለኝ። የበግ ሐኪም ነኝ አልኩት። «በግ አድርገህ ቁጠረኝ» አለ። ሆስፒታል አልሄድም አለ። አለቀስኩ። እሱ አልሰማም፤ ስልኩን አርቄ ነው ያለቀስኩት።

ጋሽ ሙሄ አሁንም እኔን ወደ ቁስሉ አያስጠጉም። በጉልበት ብገባ ሦስት ሰው ይይዘኛል፣ ጩኸት ይሆናል፣ ጩኸት ዘበኛውን ያመጣል። ክርክር አይጠቅምም። ስለዚህ በእነሱ ሕግ እገባለሁ።

ማታ፣ ቤት። ለሀያት ነገርኳት። ዛሬ ሳሎን አድራለሁ። ነገ በውሃ ብቻ እታጠባለሁ፣ ሳሙና የለም፣ ሽቶ የለም። ልብሴንም በውሃ ብቻ አጥባ አሰጣችልኝ። ከገባሁ ጀምሮ አጠገቤ አልደረሰችም። ከኩሽና በር ላይ ቆማ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ትል የለ እናትህ» አለችኝ። ስለ ኢቃማው አላነሣችም። ባነሣችው ይሻለኝ ነበር።


ረቡዕ፣ ኅዳር 11። ጠዋት፣ ሱወይዲ

ፈቃድ ጠይቄ ቀረሁ። ጋሽ ሙሄ ደረጃው ላይ አስቁመው አሸተቱኝ። እውነቴን ነው። አንገቴን፣ እጅጌዬን፣ ፀጉሬን። የት እንዳደርኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ግባ እንግዲህ፣ ያላ» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ።

ጣሪያ ላይ ወጣሁ።

ምን እንዳየሁ አልጽፍም። አንድ ነገር ብቻ፦ የጥላው ጨርቅ ላይ አረንጓዴ የሚያብረቀርቁ ነገሮች ተደርድረው ይጠብቁ ነበር። አይበሩም። አይቸኩሉም።

ጀ. ከስቷል። አፍንጫው ውስጥ አሁንም ጤና አዳም። ስስመው ወደ ኋላ ሸሸ፣ ሽታ ፈርቶ ሳይሆን የራሱን ሽታ አፍሮ። ቫዝሊን ቀብቼ፣ አፍኜ፣ እያንዳንዱን በመቆንጠጫ። ፎጣ ነክሶ ያዘ። ጋሽ ሙሄ ትከሻውን ይዘው ቁርአን ይቀራሉ። ብዙ ወጣ። ሌሎቹ ወደ ውስጥ ገቡ፣ እኔ ወደማልደርስበት። ጫፉ ላይ ነጭ ነገር አየሁ፤ የሞተ ሥጋ በሆነ ብዬ ተመኘሁ። አጥንት ነው። ግንባሩ ይፋጃል። ይንቀጠቀጣል።

ለጋሽ ሙሄ መቆንጠጫዬን አሳየኋቸው። ጋሼ፣ የእኔ እጅ እዚህ ድረስ ነው አልኳቸው። ዛሬ ካልሄደ እግሩን፣ ነገ ካልሄደ እሱን ነው የምናጣው። ከዚያ ለጀ. እሳቸው ነገሩት። ከእኔ ያልሰማውን ከእሳቸው ሰማ። ራሱን ነቀነቀ።

ፍራሹን አቃጥሉ፣ ጣሪያውን የፈላ ውሃ ድፉበት አልኩ። ስንቶቹ ቀድመው ወርደው ስንጥቅ ውስጥ እንደገቡ ግን አላውቅም። ያ ይቀጥላል። እሱን ነገር ሌላ ቀን አስባለሁ።

ጋሽ ሙሄ በደረጃው ሲሸኙን ጆሮዬ ላይ መከሩኝ። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፦ የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ አውርደው፣ ዞረህ ሂድ። አያባርሩትም፣ ያክሙታል። ቀጥሎ የሚመጣው ለእሱ ብቻ ይሁን። «አንተ ቤት አለህ» አሉኝ።


ያው ዕለት። ሹመይሲ ሆስፒታል፣ መኪና ውስጥ

መኪና ማቆሚያ ነን። ጀ. ከኋላ ተጋድሟል። ትንሽ ይተኛል፣ ትንሽ ይለፈልፋል። ሞተሩን አላጠፋሁም። አንቺን ለምን ይዤሽ እንደመጣሁ አላውቅም። እጄ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ነው።

በሩ እዚያ ነው። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። አንድ ሽማግሌ በተሽከርካሪ ወንበር፣ ልጆቹ ከብበውታል።

መንገድ ላይ ጀ. እሱም ያንኑ ምክር ደገመልኝ። አውርደኝና ሂድ፣ ስምህን አልጠራም አለ። ስልኩን ክፍሉ ውስጥ ትቶ ነው የመጣው፣ ማንንም እንዳያገኙበት። ካደረገው ሁሉ ይኼ አንጀቴን በላው። ለእናታችን እንዳትነግራት ብቻ አለኝ። ከዚያ ሥራ ቦታ የሚለስነውን ግድግዳ አነሣ፤ ሳልጨርሰው መጣሁ፣ ሌላ ሰው ያበላሸዋል አለ።

ለሀያት ደወልኩ። በር ላይ እንዳወርደው የሚመክሩኝን ነገርኳት። ሌላውንም ነገርኳት፣ አብሬው ከገባሁ ምን ሊመጣ እንደሚችል። መላዝ ሰፈር ያለው ቤታችን፣ ሥራዬ፣ የእሷ ኢቃማ። «ቁርስ በልቷል?» አለችኝ። አልበላም አልኳት። «እኔም ልብሴን ለብሼ እየመጣሁ ነው» አለች።

ፈራሁ። ልዋሽሽ አልችልም። መንገድ ላይ ወድቆ ያገኘሁት ሰው ነው ማለት እችላለሁ። ያምኑኛል፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሻለሁ። ልጁን የማላውቀው ሰው አድርጌ፣ ወረቀት ሳልፈርም፣ ለምሳ ቤቴ ልገባ እችላለሁ። ያ በግ ራሱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ብቻውን ሲቆም አይቼ መኪናዬን ያስነሣሁ ጊዜ እንዳደረግኩት ማለት ነው።

አላደርገውም። ወሰንኩ። አብሬው እገባለሁ። የትሉን ስም ለሐኪሙ ራሴ እነግራለሁ፤ ጊዜ እንዳያጠፉ ብልቃጡን ይዣለሁ። ምንህ ነው ሲሉኝ የእናቴ ልጅ ነው እላለሁ። ኢቃማዬን አውጥቼ እጄ ላይ ይዤዋለሁ። የሚመጣው ይምጣ።

የፊት መስታወቱ ላይ ከውስጥ በኩል አንዲት አረንጓዴ ዝንብ አርፋለች። አብራን ከሱወይዲ የመጣች ናት። መስኮት አልከፍትላትም። እዚሁ

የኋላው በር ተከፈተ። ጀ. ነቅቷል። እኔን ሳያይ፣ ብቻውን፣ በአንድ እግሩ ሊወርድ ነው። ሄድኩ፣ ልደግፈው።